ስለ እኛ ማን ይጻፍ

ስለ ራስ እንደ መናገር አስቸጋሪ ነገር የለም። ተረቶቻችንም በዚህ ጉዳይ እንደ ጣውንት የተጣሉ ናቸው። አንዱ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎ አፋችሁን ያስከፍታችኋል፤ ገና ከንፈራችሁን ስታላቅቁ ሌላው «ዝም አይነቅዝም» ብሎ መልሶ ያዘጋችኋል። አገራችን ግን ብልህ ናት፤ ሰው ስለ ራሱ ተናግሮ እንዳይዋረድ ሌላ ተናጋሪ ታቆምለታለች። ሚስት ሲፈልግ ሽማግሌ ይናገርለታል፣ ሲከሰስ ጠበቃ፣ ሲሞት አልቃሽ። በገዛ አፉ የሚሸፍነው በመካከል ያለችውን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። እሷንም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ያበላሻታል።

እኔ ለሌሎች ስናገር የኖርኩ ሴት ነኝ። ስሜ ሐዋ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ኻርቱም ስመጣ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ይህ ኮምቦልቻ ውስጥ ምንም ነው፤ ኻርቱም ውስጥ፣ በሰው ቤት ከምንሠራ ሴቶች መካከል፣ ሊቅነት ነው። ሳምንቱን የሰው ሸሚዝ ስተኩስ እሰነብትና ጁምዓ ከሰዓት በኋላ የወሎ ሴቶች ይከቡኛል፤ እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ ደብዳቤ እጽፋለሁ። «ደህና ነኝ በይልኝ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ በዚያች ባዶ ቃል ላይ ጨረቃና ኮከብ እጨምርባታለሁ። ወረኢሉ ያለች አንዲት እናት ደብዳቤው ሲነበብላት «ልጄ መቼ እንዲህ መናገር ተማረች?» ብላ አለቀሰች ሲሉኝ ለአንድ ወር ያህል አንገቴ አልታጠፈም። በኋላ በስልክ ድምፅ መላክ የሚሉት ነገር መጣና ከሹመቴ አወረደኝ። ስለዚህ ጓደኛዬ ዘምዘም «የሚጽፍ ሰው ያስፈልገናል» ስትል ከሁሉ ቀድማ እጇን ያወጣችው ማን እንደሆነች ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ዘምዘም የሐይቅ ሴት ናት። ቃል ከአፏ የሚወጣው እንደ ጥርስ ነው፣ ተነቅሎ። ጦርነቱ ሲመጣ አብረን ወደ ገዳሪፍ ሸሸን፤ ተኩሱ ከከተማው ሲርቅ አብረን ተመለስን። የተመለስንባት ኻርቱም ግን ጥለናት የሄድነው አልነበረችም። ሠፈሩ ሁሉ ቆሟል፤ ሰው ብቻ የለበትም። በጠራራ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ እያለች፣ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ የራሳችሁን ጫማ ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ስትቆሙ ደግሞ እሱም ይቆማል።

የቤቶቹ ባለቤቶች ካይሮና ጂዳ ተቀምጠው ስለ ቤታቸው ሲጨነቁ ዘምዘም አንድ ነገር ታያት። አራት የወሎ ሴቶችን ሰብስባ፣ እኔን አምስተኛ አድርጋ፣ «ቤታችሁን እናይላችኋለን፣ እናጸዳላችኋለን» ማለት ጀመረች። ሥራው ከጆሮ ወደ ጆሮ እየተላለፈ መጣ። የምንጠርገው መስታወትና አሸዋ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በሩ ከነመቃኑ የለም። በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የመብራት ሽቦ ሳይቀር ተመዝዞ ወጥቷል። ልጆች ቁመታቸውን እየተለኩ በእርሳስ የጫሩት መስመር ግን እንዳለ ነው። ሌባ ሊወስደው ያልቻለው ነገር ብቻውን ሲቀር ያስፈራል። አንዳንድ ቤት ስገባ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ማንን እንዳላስቀይም እንደሆነ አላውቅም።

የዘምዘም ልጅ ሙኒራ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ሱዳናዊ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ከጦርነቱ በፊት የሱቅ ሰሌዳ በሚሠራ ማተሚያ ቤት ትሠራ ነበር። አማርኛን የምትናገረው ገበያ ውስጥ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነው፤ ግሡ ጋ ሳትደርስ ወደ ዐረብኛ ትታጠፋለች። አንድ ቀን «እማ፣ መውቂዕ ያስፈልገናል» አለች። መውቂዕ ማለት ድረ ገጽ ነው። ካይሮ ያለ ሰው ስልኩን ሲከፍት እንዲያገኘን።

«ስንት ዓመት የሸረሪት ድር ስንጠርግ ኖረን፣ አሁን ደግሞ ድር እንዘርጋ?» አለች ዘምዘም። በዚያ ወር ከአፏ የወጣ ረጅሙ ዐረፍተ ነገር እሱ ነበር።

ተስማማች ግን። ሙኒራ ገጹን ሠራችው። ስልክ ቁጥሩ ገባ፣ ቀለሙ ተመረጠ። «ስለ እኛ» የሚል ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ስለ እኛ ማን ይጻፍ? ጀብራ በሚባለው ሠፈር ውስጥ፣ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ የሳተላይት ኢንተርኔት ያስገባች የሻይ ሻጭ አለች፤ ሌሎቹ ሴቶች ቤት ሲያጸዱ ሸንጎውን ሦስታችን የተቀመጥነው እዚያ ነው።

መጀመሪያ የኔ ቀረበ። ሁለት ቀን የደከምኩበት ነው። «እንደ ንጋት ኮከብ የምታበራ፣ እንደ ሐይቅ ውሃ የጠራች፣ እጇ የነካው ሁሉ የሚያብብ» እያለ የሚወርድ። ሙኒራ ወደ ዐረብኛ እየመለሰች ግማሽ ላይ ደረሰችና ቆመች።

«ኻልቲ፣ በጣም ቆንጆ ነው» አለችኝ። ኻልቲ አክስቴ ማለት ነው፤ ከዚህ ቃል በኋላ የሚመጣ ነገር ብዙ ጊዜ ያማል። «ግን ሴትየዋ ልታገባ ነው ወይስ ቤት ልታጸዳ?»

ወረቀቴን አጠፍኩት። ዝም አይነቅዝም።

ቀጥሎ የሙኒራ መጣ። የሙኒራ የምለው በስልኳ ስለመጣ ነው እንጂ የጻፈችውስ እሷ አይደለችም። በስልክ ውስጥ የሚጽፍ አንድ ነገር አለ፤ ሰው አይደለም። የምትፈልጉትን ስትነግሩት ምራቃችሁን ሳትውጡ ጽፎ ያስረክባችኋል። «እኛ በዘርፉ የረጅም ጊዜ ልምድ ያካበትን፣ ለደንበኞቻችን እርካታ ያለ ዕረፍት የምንተጋ ቀዳሚ ቡድን ነን» ይላል። ዘምዘም አንገቷን ዘመም አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ይህን የሚናገረው ማን ነው?»

«እኛ» አለች ሙኒራ።

«እኛ ማን?»

ሙኒራ ስልኩን አየች፤ እኔን አየች። «እኛ... እኛው ነና።»

ዘምዘም በዝግታ ዙሪያዋን ተመለከተች፤ ከሦስታችን ሌላ አራተኛ ሰው አብሮን እንደተቀመጠ ሁሉ። «የዚህችን ሴት ድምፅ አላውቀውም» አለች። «ቤት ለብቻዋ አላስገባትም።» 

የራሷን ስንጠይቃት «ቤት እናጸዳለን» አለች። ሁለት ቃል። ሙኒራ ገጹ በሁለት ቃል እንደማይሞላ ለማስረዳት ብትደክምም እናቷ ሦስተኛ አልጨመረችም። በመጨረሻ «ኸላስ፣ በቃ፣ ጽሑፉ ይቆይ» አለች ሙኒራ። «መጀመሪያ ፎቶ እናንሣ። ከመጽዳቱ በፊት አንድ፣ ከጸዳ በኋላ አንድ።» በማግሥቱ አርካዊት በሚባለው ሠፈር የምናየው ቤት ነበረን። ባለቤቲቱ ሲት ኢንቲሳር ካይሮ ናት፤ ሲት ማለት እመቤት ነው። ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን ቤተሰቡን ይዛ ከወጣች ወዲህ ቤቷን ያየላት ሰው የለም።

ረክሻ፣ ያው ባጃጅ፣ የሚነዳው ሰውዬ ከዋናው መንገድ ጠርዝ ላይ አወረደን። «እዚያ ውስጥ ገና ሰው አልገባም» አለና ሞተሩን ሳያጠፋ ዞረ። በእግር ገባን። ሣሩ የመንገዱን አስፋልት ሰንጥቆ ጉልበት ደርሷል። የግቢ በሮች ወልቀው ስለተወሰዱ ቤቶቹ አፋቸውን ከፍተው የሚያዩን ይመስላሉ። የሲት ኢንቲሳር ግቢ በር ግን አለ፤ በሽቦ ታስሯል። ሙኒራ ሽቦውን ፈታች፣ ገፋችው፣ ገባን።

ሦስታችንም እዚያው ቆምን።

ግቢው ተጠርጓል። አሸዋው ላይ የመጥረጊያው ጭረት እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ አንድም ሳይዛነፍ ተኝቷል። የሰው ዱካ የለበትም። የድመት እንኳ የለበትም። ቤት ገባን። አንድ ወንበር፣ አንድ ምንጣፍ አልቀረም፤ አየር ማቀዝቀዣው ከነበረበት ላይ ትልቅ ቀዳዳ ሰማይን ያሳያል። ወለሉ ግን ፊት ያሳያል። መስኮቱ ላይ የቀሩት የመስታወት ስባሪዎች ተወልውለዋል። እስቲ አስቡት፤ የተሰበረ መስታወት ማን ይወለውላል?

ከግቢው ዛፍ ሥር የውሃ ዚር ቆሟል፤ ያው ውሃ የሚያቀዘቅዘው ትልቁ የሸክላ ጋን። ክዳኑ ተከድኗል፤ ክዳኑ ላይ አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ተቀምጧል። ሙኒራ ፎቶ አነሣችው። ዘምዘም ክዳኑን ከነኩባያው ገለጥ አድርጋ ጣቷን ነከረች፤ መልሳም እንደነበረ ከደነችው።

«የዛሬ ውሃ ነው» አለች።

«ያ ናስ አል-ቤት» ብለን ሦስት ጊዜ ተጣራን፤ የቤቱ ሰዎች ማለታችን ነው። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ዞርን፤ ማንም የለም። ወደ ግቢው ተመለስን፤ ሙኒራ ያገኘችውን ሁሉ ደግማ ፎቶ አነሣችና ወጣን። እኔ ከቁርኣን አያተል ኩርሲይ እየቀራሁ ነበር፤ መካከሉ ላይ ይጠፋብኛል፣ እንደገና ከመጀመሪያው እነሣለሁ። ዋናው መንገድ እስክንደርስ አራት ጊዜ ጀመርኩት።

ጀብራ ተመልሰን ሻይ ይዘን ከተቀመጥን በኋላ ነው ሙኒራ ስልኳን እያየች ድምፅዋ የተለወጠው። «ከእናንተ ውስጥ ከዚሩ ውሃ የጠጣ አለ?»

የጠጣ የለም።

ሁለቱን ፎቶዎች አጠገብ ለአጠገብ አሳየችን። ስንገባ በተነሣው ላይ ኩባያው አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ተቀምጧል። ስንወጣ በተነሣው ላይ ተደፍቷል።

እኔ የቀረውን ሻይ አልጠጣሁትም። ሙኒራ «ጂን ነው» አለች፤ በዐረብኛም በአማርኛም አንድ ቃል ስለሆነ ያለ ችግር ወጣላት። ዘምዘም ግን ሌላ ነገር ነው ያሳሰባት። «ፎቶውን ለሲቷ ላኪላት» አለች። «ቤቱ ውስጥ ማን ቀርቶ እንደነበረም ጠይቂያት።»

የሲት ኢንቲሳር ድምፅ ወዲያው መጣ። ምን ጊዜ አጽድታችሁ ጨረሳችሁ ብላ በመገረም አመሰገነችን። ማንም አልቀረም፣ ቤተሰቡ በሙሉ አብረን ነው የወጣነው አለች። ዘምዘም መልእክቱን ሁለት ጊዜ አሰማችን።

«ቤተሰቡ ነው የምትለው» አለች። «ማን ይሠራላችሁ ነበር በያት።»

ሙኒራ ጻፈች። ከወዲያ በኩል ሲት ኢንቲሳር እየጻፈች እንደሆነ ስልኩ ያሳያል። ትጽፋለች፣ ትተዋለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ሻይ ሻጯ ሁለት ጊዜ ከሰል እስክትጨምር ድረስ ጠበቅን። በመጨረሻ የመጣው አጭር ነበር። ሰዒዳ የምንላት ሐበሻ ነበረች። መኪናው ስለሞላ እንመለሳለን፣ ሦስት ቀን ቤቱን ጠብቂ ብለናት ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ አገሯ የገባች መስሎን ነበር።

ዘምዘም ተነሥታ ሻርፗን አስተካከለች። «ነገ እንመለሳለን።»

ጉልበቴን እንደሚያመኝ ተናገርኩ። በእውነትም ያመኛል። ዘምዘም ጉልበቴን አየችው። ሄድኩ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ደረስን። የግቢውን በር ስንከፍት ትናንት ገብተን የወጣንበት የሦስት ሰው ዱካ የለም። እንደገና ተጠርጓል፣ እንደገና የዓሣ ቅርፊት። ሙኒራ ክንዴን ያዘች፤ እኔም የሷን። ዘምዘም ግን ቁጢጥ ብላ አሸዋውን እንደ መጽሐፍ ታነበው ጀመር። እኔ ነኝ አሥረኛ ክፍል የጨረስኩት፤ ይህን ፊደል ግን እሷ ነበረች የምታውቀው።

«ይህን የጠረገች ሴት ወደ ኋላ እየሄደች ነው የጠረገችው» አለች። «የራሷን እግር እያጠፋች።»

ጭረቱ የሚያበቃበትን በዓይኗ ተከተለች። ከቤቱ ጀርባ ወደ ጣሪያ የሚያወጣው ደረጃ ሥር ያበቃል። እዚያ ሄዳ ቆመች። አልተጣራችም፤ በዐረብኛም አልተናገረችም። ልክ አንድ ጎረቤት ሌላዋን መንገድ ላይ እንዳገኘቻት፣ ፊቷን ወደ ላይ አቅንታ በአማርኛ ሰላምታ ጀመረች።

«አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ዋልሽ፣ እህቴ? ደህና ነሽ ወይ? ጤናሽ ደህና ነው? ቤቱስ ደህና ነው? አብሽሪ፣ እኛ ነን። እኔ የሐይቅ ነኝ። ይህች ሐዋ የኮምቦልቻ ናት። ይህች ልጄ ናት፣ እዚሁ የወለድኳት። አብሽሪ።»

ከሁለት ቃል አልፎ የማይሄደው አንደበቷ ያን ቀን ሳይቋረጥ ፈሰሰ። የዘንድሮውን ዝናብ ነገረቻት፤ ገዳሪፍ የተቀመጥንበትን ነገረቻት። ምንም መልስ የለም። እኔ ለባዶ ጣሪያ የምትናገር ጓደኛዬን እያየሁ፣ ይህች ሴት ልቧ ተነካ ወይስ የኔ ጆሮ ነው የማይሰማው እያልኩ ሳለ፣ ከላይ፣ ከባዶው የውሃ ታንከር በስተጀርባ፣ ከእንቅልፍ የነቃ ሰው የሚመስል ሻካራ ድምፅ መጣ።

«ጫማችሁን አውልቁ» አለ። «አሁን ነው የጠረግሁት።»

ሙኒራ አማርኛው ሳይገባት በፊት አወለቀች። እኔ አንዱን እግር አውልቄ አንዱን ረስቼ ቆሜያለሁ።

ቀስ ብላ ወረደች። ቀጭን ናት፣ ዕድሜዋን መገመት አይቻልም፤ የሲቷን አሮጌ ቶብ ተከናንባለች። አጠገባችን ስትደርስ ዓይናችንን ሳይሆን አፋችንን ነበር የምታየው። ሦስታችንም አንድ ላይ ስንናገር እጆቿን ጆሮዋ ላይ ጫነች። «ቀስ በሉ። ድምፅ በዛብኝ» አለች።

ስሟ ለምለም ነው፣ የወሎ ቦረና ልጅ። «ሰዒዳ የሚሉኝ እነሱ ናቸው፤ ለአፋቸው ስለሚቀላቸው» አለችን፣ ያለ ቅሬታ። ሦስቱ ቀን ካለፈ በኋላ ልትወጣ ነበር። ግን ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በሲቷ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ዘራፊዎቹ መሳቢያውን ከነወረቀቱ ይዘውት ሄዱ። ያለ ወረቀት በየኬላው አልፋ የት ትደርሳለች? ቀረች። ማለዳ ማለዳ ከሁለት መንገድ ማዶ የቀሩት ሠፈርተኞች በጋራ የሚቀቅሉትን ፉል ተቀብላ፣ ከጎረቤት ጉድጓድ ውሃ ቀድታ፣ ቀኑን ከታንከሩ ጀርባ ትውላለች። ሰዎች መጡ፣ ወሰዱ፤ ሌሎች መጡ፣ የተረፈውን ወሰዱ። እሷ በሄዱ ቁጥር ወርዳ ትጠርጋለች።

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «የተደበቀ ሰው ለምን ይጠርጋል?» አልኳት። «ንጹሕ ቤት እኮ ሰው አለ ብሎ የሚያሳብቅ ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችው። «ቆሻሻ ቤት ያገኙ ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ያድራሉ» አለች። «አንድ ቀን ጠርጌ ሳልጨርስ መጡ። ዱካ የሌለበት የተጠረገ ግቢ ሲያዩ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ቢስሚላህ ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ዱካዬን እያጠፋሁ እጠርጋለሁ። ቤቱ ጂን አለበት ተባለ፤ የግቢውንም በር ሳይነቅሉት የቀሩት ለዚህ ነው። የትናንቱን ኩባያም እናንተ ጓዳ ሳላችሁ ወርጄ የደፋሁት እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜ ይሠራል።»

ይሠራል። እኔ ምስክር ነኝ።

ሙኒራ ወደ ካይሮ ደወለች። ሲት ኢንቲሳር «ሰዒዳ?» አለች። ለምለም ስልኩን እንደ ትኩስ ድስት በሁለት ጣቷ ይዛ፣ በዚያ በወጥ ቤት በተማረችው ስብርብር ዐረብኛ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም ቤቱን ማስረከብ ጀመረች። ክፍል በክፍል። ሳሎን፣ በሩ የለም። የልጆቹ ክፍል፣ ጣሪያው ደህና ነው፤ አልጋዎቹን ወስደዋቸዋል። ማቀዝቀዣው በጁምዓ ቀን ነው የሄደው። የመኝታ ቤቱ ሽቦ ወጥቷል። ዛፉ ቆሟል። ከወዲያ በኩል ሴትየዋ ታለቅሳለች፤ ይህች አታቆምም። ሁሉን ጨርሳ ስታበቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የእናትሽን ወንበር ሌባ አይደለም የወሰደው። ማገዶ ሳጣ ፈልጬ ያነደድኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

«አንቺ ነሽ ይቅር ማለት ያለብሽ» የሚል ድምፅ ከስልኩ መጣ። «አንቺ ነሽ።»

ለምለም ስልኩን ለሙኒራ ሰጠችና መሬት መሬት አየች። እኔ በዚያች ሰዓት ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው «ደህና ነኝ» ላይ የጨመርኩት ጨረቃና ኮከብ አንድ በአንድ ሲረግፍ ይሰማኝ ነበር። ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ከማለት ሌላ ምንም ያላደረገች ሴት ፀጉሬን አቆመችው።

ሲት ኢንቲሳር እስክትመለስ ድረስ ለምለም እዚያው እንድትቆይላት በኋላ ለመነች። ለምለም አልቆይም አለች። ግቢውን ዘግተን፣ መካከላችን አድርገን ወደ ጀብራ ወሰድናት። ኢቃማ እስከ ዛሬ የላትም። ኬላ ባለበት መንገድ ስናልፍ ዘምዘም በግራ፣ እኔ በቀኝ፣ ሙኒራ ከፊት ሆና እያወራች እናሳልፋታለን። መጀመሪያ ሰሞን በር በተንኳኳ ቁጥር ጓዳ ትገባ ነበር። አሁን ግማሽ መንገድ ሄዳ ትመለሳለች።

«ስለ እኛ» የሚለው ቦታ ግን አሁንም ባዶ ነበር። ሙኒራ «እሷ ትጻፈው» ስትል እኔ ተቃወምኩ። የተሰበረ ዐረብኛ ነው፣ ሰው ይስቅብናል አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁና ስለ ዐረብኛው አልነበረም፤ ሹመት ሁለት ጊዜ መነጠቅ ስለሚከብድ ነው። ዘምዘም ግን «የዚህችን ሴት ድምፅ አውቀዋለሁ» አለችና ነገሩ አለቀ። ለምለም ስሜም ፎቶዬም አይውጣ፣ ያላየሁትንም አታስጽፉኝ ብላ ተስማማች። እሷ ተናገረች፣ ሙኒራ እንዳለ ጻፈችው። እኔ ነጥቦቹን አስቀመጥኩ፤ ሊቅነቴ እዚያ ድረስ አገለገለ። እንዲህ ይላል፦

«ቤትሽ ውስጥ ነኝ። በሩ የለም። መስኮቱ አለ፣ መስታወቱ የለም። ጣሪያው ደህና ነው። ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም እልሻለሁ። የሰበርኩት ካለ እኔ ነኝ እልሻለሁ። ከዚያ እጠርጋለሁ።»

ገጹ በተከፈተ በሳምንቱ ስልኩ አላሳርፍ አለን። አንዳንዶቹ ተቆጡ፤ ሰው ታስደነግጣላችሁ አሉን። አንዲት ሴት ከጂዳ «የመጀመሪያውን መስመር አንብቤ መብራት ሁሉ አበራሁ» ብላ ጻፈች። ሙኒራ ትንሽ እናለስልሰው ስትል እናቷ አልፈቀደችም። ብዙዎቹ ቤታቸውን አስጸዱ።

ከመካከላቸው ግን ስለ ጽዳት ያልጠየቁ አሉ። የመጀመሪያዋ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ ሆና የጻፈች ናት። ቤቱ ጀብራ ነው፤ ስለ ዕቃው አልጠየቀችም። «አንዲት ሐበሻ ልጅ ነበረችን» ትላለች። «ትከተለናለች ብለን ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። ሄዳችሁ ትጠሩልኛላችሁ?»

ዘምዘም ስሟ ማን ነበር በያት አለች። ሙኒራ ጠየቀች። ሴትየዋ እየጻፈች እንደሆነ ስልኩ ያሳያል። ትጽፋለች፣ ትተዋለች።

«እኛ ሳራ ነበር የምንላት» የሚል መጣ። «እናቷ ያወጣችላትን አላውቀውም።»

ሄድን። አራታችን ነን፤ ሙኒራ፣ ዘምዘም፣ ለምለምና እኔ። በር በሌለው ግቢ ደጃፍ ቆመን ተያየን። በሐሰት ስም የተጠራ ሰው ከተደበቀበት እንደማይወጣ ለምለም ነገረችን፤ ታውቀዋለች። ስለዚህ በዚህ ጊዜ እኔን ወደ ፊት ገፉኝ፤ የሁሉንም ደብዳቤ የጻፍኩ፣ የሁሉንም ስም የማውቅ እኔ ነኛ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርኩ። ዘይነባ። ፋጡማ። ጦይባ። መዲና። ሰዓዳ። ከድጃ። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ አንድ ሰው ደረጃ ለመውረድ የሚበቃውን ያህል እንጠብቃለን። ያን ቀን የወጣ የለም። ከዚያ ወዲህ በሄድንባቸው አምስት ቤቶችም የወጣ የለም፤ በአንዱ ቤት ብቻ ስሞቹን ጨርሼ ስንዞር ለምለም «ቆዪ፣ ከመጀመሪያው ድገሚው» አለችኝ፤ ደገምኩት፤ ነፋስ ነበር፤ ነፋስ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ወደ ኻርቱም የምትመለሱ ሰዎች ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሌለው መንገድ፣ ባዶ ቤት ደጃፍ ቆማ የወሎ ሴቶችን ስም የምትጠራ አሮጊት ብታዩ፣ አበደች ብላችሁ እንዳትሸሹ። ሥራ ላይ ነኝ።